ልጅ ለአሳዳጊው፤ የጠመኔው ክበብ ከካራቆሬ ሲታይ

በአማርኛ ልብ ወለድና ተውኔት ውስጥ ሠርግ ብዙ ነው፤ ሞትም ብዙ ነው፤ ፍቺ ግን እምብዛም አይገኝም። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ከዚያ ሁሉ ጦርነት፣ ምርኮና እንግልት በኋላ የሚያርፈው በጋብቻ ላይ ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «የልብ አሳብ» የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ በርእሱ ተሸክሞ ይነሣል። የመንግሥቱ ለማ ኮሜዲዎች፣ «ጠልፎ በኪሴ»ና «ያላቻ ጋብቻ»፣ ትዳር እንዴት እንደሚመሠረትና ማን ከማን ጋር ሊመሠርተው እንደሚገባ እያሳቁ ይጠይቃሉ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ሲቀርብ ፍቅረኞቹን ርእሱ እንዳለው መቃብር አድርሷቸዋል። ጎጆው ከተቀለሰ፣ ልጅ ከተወለደ፣ ባልና ሚስትም «በቃን» ከተባባሉ በኋላ ያለውን ዘመን ግን ሥነ ጽሑፋችን በአመዛኙ ለሽማግሎችና ለፍርድ ቤት ጸሐፊዎች ትቶታል።

ይህ የአጋጣሚ ጉድለት አይደለም። ሠርግ በባሕርዩ ትርኢት ነው፤ ዳስ፣ ሚዜ፣ እልልታ አለው። ሞትም ድንኳንና ሙሾ አለው። ፍቺ ግን የራሱ ዳስ የለውም። በአንድ ዋርካ ጥላ ሥር ሦስት አራት ሽማግሎች ተቀምጠው ከብቱን፣ እህሉን፣ የቤቱን ቆርቆሮ ይቆጥራሉ፤ ቆጠራው አልቆ «ልጁስ?» ሲባል ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ያንን ጸጥታ መድረክ ላይ ማቆም ከባድ ነው። ከባድ የሆነውን ያህል ግን የድራማ ሁሉ እምብርት ያለው እዚያ ነው፤ ምክንያቱም በሬው ለአንዱ፣ ላሟ ለሌላው ሊደርስ ሲችል፣ ልጅ ለሁለት የማይከፈል ብቸኛው የትዳር ፍሬ ነውና።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያንን ጸጥታ የደፈረ አንድ የውጭ ተውኔት ነው። በርቶልት ብሬሽት ከናዚ ጀርመን ተሰድዶ አሜሪካ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1944 የጻፈው «የካውካሰስ የጠመኔ ክበብ» ለብዙ አገር መድረክ በቅቷል። በአውሮፓ ከተሞች ስለ ተውኔቱ የተጻፈው ሂስ የትየለሌ ነው። ከዚያ ሁሉ ይልቅ ጠቃሚ የሚሆነው ተውኔቱን ከይፋት ቆላ፣ ከካራቆሬ ሆኖ ማየት ነው፤ ተውኔቱ የሚያነሣቸው ነገሮች ሁሉ፣ ማለትም የመስኖ ሸለቆ፣ የከብት አርቢና የአራሽ ክርክር፣ ፍቺና የልጅ አስተዳደግ፣ በዚያ ቆላ የዕለት ኑሮ ናቸውና።

ካራቆሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ከታለፉ በኋላ የምትገኝ ከተማ ናት። የመሬት ነውጥ አጥኚዎች ስሟን በ1953 ዓ.ም. ጎረቤቷን ማጀቴን ካፈራረሰው መንቀጥቀጥ ጋር ያነሡታል። አካባቢው አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው የሚገበያዩበት፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን ተከታትለው የሚሰሙበት ነው። ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ይዘራል፤ የአጣዬና የሮቢ ወንዞችም ለመስኖ ይጠለፋሉ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል የይፋት ሰው ቤቱን ጥሎ ልጁን አዝሎ መሸሽ ምን እንደሆነ እንደገና አይቷል። በዚህ ቆላ ትዳር በሰማኒያም፣ በቁርባንም፣ በኒካሕም ይታሰራል፤ ስለዚህ ሲፈርስም ወደ አንድ በር ብቻ አይሄድም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ፈቃዳቸውን እስከ ሰጡ ድረስ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። እንግዲህ የካራቆሬ ተመልካች ስለ ልጅ ክርክር ሲቀርብለት ባዶ እጁን አይመጣም፤ ሦስት ሕግ በልቡ ይዞ ይመጣል።

ከሕጉም በፊት ግን ቋንቋው አለ። አማርኛ ያልወለደችውን ልጅ ለምታሳድግ ሴት የሰጣት ስም «የእንጀራ እናት» የሚል ነው። ቃሉን ከተለመደው ክፉ ስሜቱ ለይቶ ለሚያየው ሰው እንዴት ያለ ክቡር ስም ነው! እንጀራ አበላች፤ ስለዚህ እናት ሆነች። ተረቱ ግን ያችን እንጀራ የምትጋግር ሴት ጨካኝ አድርጎ ሣላት፤ ዛሬ ስድብ እንጂ ማዕረግ መሆኑ ቀርቷል። በአንጻሩ «የጡት ልጅ» የሚባለው ልማድ ከደም ውጭ ልጅነት እንዳለ ያጸናል። የቤተሰብ ሕጋችንም የማሳደጊያውን ውል ሲሰይም «ጉዲፈቻ» ብሎ የኦሮሞን ቃል ወስዷል። አንድ ሕግ አውጪ ከሕዝብ ባህል ሲማር ይህ ደህና ምሳሌ ነው። በሌላው ጎን ደግሞ «ሴት ያሳደገው» የሚለው ስድብ አለ። ባሏ ሞቶባት ወይም ትቷት አፈር ገፍታ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ልጅ ያስተማረች እናት የድካሟ ዋጋ ሆኖ የሚከፈላት ይህ ነው። ባላባታዊው ሥርዓት መሬቱን ከአራሹ፣ ልጁንም ስሙን ጭምር ከአሳዳጊዋ እንዴት እንደ ነጠቀ ከዚህ አባባል የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የተጻፈው ሕግም መንገዱ ረዥም ነው። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ረቂቅነት የወጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ ሚስትንም ታዛዥ አድርጎ ደንግጎ ነበር። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ነበር። ፍቺውን የሚዳኙት የቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ነበሩ። ይሁን እንጂ በዚያው ሕግ ውስጥ አንድ ከዘመኑ የቀደመ ቃል ነበረበት፤ የልጆች አጠባበቅ የሚወሰነው የልጆቹን ጥቅም ብቻ በማየት ነው ይላል፤ ከባድ ምክንያት ካልኖረም በቀር ልጁ እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ዘንድ እንዲቆይ ያዝዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የባልን አለቅነት ሻረ፤ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የመፋታቱን ውሳኔ ከሽማግሌ ወደ ፍርድ ቤት አዛወረ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አውጥቷል፤ ለካራቆሬ ሰው የሚሠራው ይህ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ስለ ልጆች ሲወስን ዳኛው የባልና ሚስቱን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የኑሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም እንዲያመዛዝን ያዝዛል። ከእነዚህ ቃላት ሁሉ አንባቢ «ገቢ» የምትለውን በአእምሮው ይያዛት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ተውኔቱ። በአንድ የጆርጂያ ከተማ ሁከት ይነሣል፤ አገረ ገዢው ይገደላል፤ ሚስቱ ናቴላ ልብሷን ስትመርጥ ሕፃኑን ሚሼልን ረስታው ትሸሻለች። የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ግሩሻ ልጁን አንሥታ በተራራ፣ በበረዶ፣ በሚወዛወዝ ድልድይ ላይ ይዛው ትሄዳለች። የመጨረሻ ሳንቲሟን ወተት ትገዛለታለች። ለልጁ መጠለያና ሕጋዊ ሽፋን ስትል ሊሞት ያጣጥራል የተባለ ገበሬ ታገባለች፤ ሊሞት ነው የተባለው ግን ጦርነቱ ሲያበቃ ድኖ ይነሣል። ሰላም ሲወርድ ናቴላ ተመልሳ «ልጄን» ትላለች፤ ጠበቃዋ ሳያስበው አፉ እንዳመለጠው የባሏ ርስት የሚለቀቅላት በወራሹ በኩል ነው። ዳኛው አዝዳክ፣ በሁከቱ ወንበር ላይ የወጣ ሰካራም የመንደር ጸሐፊ፣ በጠመኔ ክበብ ያሰምራል፤ ልጁን መካከል ያቆማል፤ ሁለቱ ሴቶች እንዲጎትቱት ያዝዛል። ግሩሻ ሁለት ጊዜ ትለቀዋለች። አዝዳክም ልጁን ለለቀቀችው ይፈርዳል።

የዚህ ፍርድ ሥረ ነገር ለካራቆሬ ሰው እንግዳ አይደለም። ክርስቲያኑ ከመጽሐፈ ነገሥት የሰሎሞንን ፍርድ ያውቀዋል። ሙስሊሙም ተኩላ የአንዷን ልጅ የወሰደባቸውን ሁለት ሴቶች ታሪክና የነቢዩ ሱለይማንን ቢላዋ ከሐዲስ ሰምቷል። በሁለቱም ታሪክ ልጁን ለማዳን የምትተወው ሴት የወለደችው ናት። ብሬሽት መነሻ ባደረገው በጥንታዊው የቻይና ተውኔትም እንደዚሁ ነው። ብሬሽት ያመጣው ነገር ቢኖር ይህንን መገልበጡ ነው፤ የወለደችው ትጎትታለች፤ ያሳደገችው ትለቃለች። ሰሎሞን በፈተናው ደሙን ፈልጎ አገኘ፤ አዝዳክ ደሙን እያወቀ ድካሙን መረጠ። ገበያ ውሎ የሚመለስ የካራቆሬ አባወራ ከዚህ ትዕይንት በኋላ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል ብሎ ማሰብ ሕዝቡን አለማወቅ ነው። ይከራከራል። «የወለደ ሆድ እንዴት ይሻራል?» የሚል አይጠፋም፤ ያሳደገችው አያቱም እዚያው ትኖራለች።

የኢትዮጵያ የፍርድ ታሪክ ለዚህ ክርክር የራሱ የጠመኔ ክበብ አለው። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የቀረበለት ጉዳይ ይህን ይመስል ነበር፤ እናቱ የሞተችበት ልጅ በአክስቱ እጅ ያድጋል፤ አባቱ ቀርቦ «በሕግ አሳዳጊው እኔ ነኝ» ይላል። በደቡብ የነበሩት የሥር ፍርድ ቤቶች የሕጉን ቃል ይዘው ከወላጆቹ አንዱ ሲሞት ሥልጣኑ በሕይወት ላለው ነው ብለው ለአባት ፈረዱ። ሰበር ሰሚው ግን ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነትና የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 አንሥቶ ከሁሉ በፊት የሕፃኑ ጥቅም ይታይ ብሎ ፍርዱን ሻረ፤ ልጁን ካሳደገችው ዘንድ አስቀረ። የሰበር ችሎት ትርጓሜ በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ እንዲያስገድድ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ተደንግጎ ነበርና ውሳኔው የአንድ አክስት ድል ብቻ ሆኖ አልቀረም። አዝዳክ ከወንበሩ በጠፋ በስድሳ ዓመት ውስጥ ጥቁር ካባ ለብሶ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጧል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደግሞም እዚህ ሰካራም አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ተውኔቱና ሕጉ እጅ ለእጅ ይሄዳሉ። ነገር ግን የብሬሽትን ሥራ እንደ ታቦት ተሸክሞ መዞር የሂስ ሥራ አይደለም። የተውኔቱ ዓቢይ ስንጥቅ ያለው መግቢያው ላይ ነው።

መግቢያው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአንድ ሸለቆ ጉዳይ የሚከራከሩ ሁለት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ያሳያል። አንዱ ፍየል አርቢ ነው፤ ሸለቆው የቀድሞ ይዞታው ነበር። ሌላው ፍሬ አልሚ ነው፤ ውኃ ጠልፎ ሸለቆውን የሚያለማበት የመስኖ ንድፍ ይዟል። ሸለቆው ለአልሚዎቹ ይሰጣል፤ አርቢዎቹም ንድፉን አይተው በጨዋታ ይለቃሉ። ከዚያ በኋላ የግሩሻ ታሪክ ለእነርሱ መዝናኛ ሆኖ ይቀርባል። በምዕራቡ ዓለም ብዙ አዘጋጆች ይህንን መግቢያ ፖለቲካ ነው ብለው ሲቆርጡት ኖረዋል። በይፋት ቢታይ ግን ከተውኔቱ ሁሉ ቀድሞ የሚገባው ይህ ክፍል ነው፤ ቀድሞ የማይታመነውም ይኸው ነው። ከወንዙ ወዲህ የሚያርስና ከወንዙ ወዲያ ከብት የሚነዳ ሰው የተካሰሰበትን፣ አልፎም ደም የተፋሰሰበትን አገር ሰው፣ አርቢው የአባቱን ሣር በአንድ ወረቀት ንድፍ ተማርኮ ሳቅ ብሎ ለቀቀ ብሎ ማሳመን አይቻልም። ሳቁ የደራሲው እንጂ የአርቢው አይደለም።

ከዚህ የሚከፋው ግን የሐሳቡ መጣረስ ነው። በመግቢያው ሸለቆው የሚሰጠው ወደ ፊት አሻሽሎ ለሚያለማው ነው። በችሎቱ ልጁ የሚሰጠው እስከ ዛሬ ለደከመችለት ነው። አንደኛው ተስፋን፣ ሁለተኛው ላብን ይመዝናል። ብሬሽት ሁለቱን አንድ መርሕ አድርጎ በመጨረሻው መዝሙር ያስራቸዋል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በ1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው «መሬት ለአራሹ» ሲሉ መሬት ይበልጥ ሊያርስ ለሚችለው ማለታቸው አልነበረም፤ ለሚያርሰው ማለታቸው ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅም በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ መሬት እንዲደርሰው ሲያዝዝ ባለ ትራክተሩን ከባለ ሞፈሩ አላስቀደመም።

ልዩነቱ የቃላት ስንጠቃ እንዳይመስል ወደ ልጆች እንመልሰው። «ልጅ ለሚያሳድገው» የሚለው መርሕ «ልጅ የተሻለ ለሚያሳድገው» በሚለው ከተተካ የመጀመሪያዋ ተሸናፊ ግሩሻ ራሷ ናት። ምን አላት? ናቴላ አልጋና ሐኪም፣ መምህርና ርስት አላት። «ገቢ» የምትለዋ የሕጉ ቃል በቸልተኛ ዳኛ እጅ ስትገባ ይህንኑ ታደርጋለች፤ ለደመወዝተኛው አባት ታደላለች፤ ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትቸረችረውን እናት ባዶ እጇን ትሸኛለች። ይህ ሥጋት ከመድረክ ውጭም በገሃድ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ባሉት ሃያ በማይሞሉ ዓመታት ከ15 ሺህ የሚበልጡ የኢትዮጵያ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ተወስደዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ እውነተኛ ፍቅር አግኝተዋል፤ ይህንን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከእነርሱ ውስጥ እናት ወይም አባት ያላቸው፣ ጥፋታቸው ድህነት ብቻ የሆነ ነበሩባቸው። በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1070 ተሻሽሎ ለውጭ አገር ሰው የሚደረግ ጉዲፈቻ ሲዘጋ፣ አገሪቱ ሳታውቀው በብሬሽት መግቢያ ላይ ፍርድ ሰጥታለች፤ የተሻለ ስለሚያለማው ብቻ ሸለቆ አይሰጥም ማለት ነው። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲሰፍርበት መደረጉ ለጠመኔው ክበብ ያለው ትርጉምም ከዚህ ይመነጫል። ስሟ በደብተሩ ላይ ያለ ሴት ስትፋታ ድርሻዋን ይዛ ትወጣለች፤ ዳኛው ስለ ገቢ ሲጠይቃትም የምትመልሰው አላት። ለእርሷ ልጁን መልቀቅ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ መሬት ለሌላት ግን ግዴታ ነው።

ሁለተኛው የተውኔቱ ድካም ናቴላን ያለ ልክ ማክፋቱ ነው። ሐርና ቬልቬት ስትመርጥ ልጇን የረሳች ሴት ከሳሽ ስትሆን ዳኛው ምን ይቸግረዋል? ፍርዱ ገና መጋረጃው ሲገለጥ አልቋል። በካራቆሬ፣ በአጣዬ ወይም በሸዋ ሮቢት ወደ ችሎት የሚመጡት ባልና ሚስት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ድሆች፣ ሁለቱም ወላጆች፣ ሁለቱም የሚወድዱ ናቸው። ሁለቱም ቢጎትቱስ? ወይም ሁለቱም ቢለቁስ? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ብሬሽት ያላሰበው ነው፤ ከወሎና ከይፋት ለሚነሣ የዛሬ ጸሐፌ ተውኔት ግን ዋናው ነው። አባት ሌላ አግብቶ ሄዷል፤ እናት የፍቺዋን ወረቀት ይዛ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ሳዑዲ ለሰው ቤት ሥራ ተሻግራለች፤ ልጁ በክበቡ መካከል ብቻውን ቆሟል፤ ጠርዙ ላይ አሮጊት አያቱ ምርኩዟን ይዛ ተቀምጣለች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ አረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የወረዱት ግሩሻዎች ጥቂት አልነበሩም። ልጁን ለማሳደግ ልጁን ጥሎ የሄደ ሰው ጎታች ነው ወይስ ለቃቂ? አዝዳክ ለዚህ የሚሆን ጠመኔ የለውም።

በዚሁ አንጻር አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። በእስልምና ሕግ «ሐዷና» በሚባለው ደንብ ሕፃን በመጀመሪያ ዕድሜው ከእናቱ ዘንድ ይቆያል፤ እናቲቱ ለልጁ ባዕድ የሆነ ባል ስታገባ ግን መብቷ ሊወሰድባት እንደሚችል ብዙዎቹ መዝሀቦች ይስማማሉ። ግሩሻ ደግሞ ያገባችው ልጁን ለማቆየት ነው! በኒካሕ ያለች የካራቆሬ ተመልካች ይህንን ትዕይንት ስታይ የሚይዛትን ምፀት በርሊን የተቀመጠ ተመልካች አያገኘውም። ብሬሽትም ሳይፈቅድ አይደለም ተውኔቱን በፍቺ የጨረሰው፤ አዝዳክ አርባ ዓመት አብረው ኖረው ፍቺ የጠየቁትን ሽማግሌና አሮጊት ትቶ፣ በስሕተት መስሎ፣ ግሩሻን ከማትወደው ባሏ ያፋታታል። ልጅና ፍቺ በአንድ ወረቀት ተፈርመው ይወጣሉ።

ሌሎች ታላላቆችም ይህንን ቁስል ነክተዋል፤ እያንዳንዳቸው ግን ከአንድ ወገን ብቻ። ቶልስቶይ አና ካሬኒናን ልጇን ከነጠቋት በኋላ በልደቱ ቀን ተደብቃ ወደ ቀድሞ ቤቷ አስገብቷታል፤ ያች አጭር ምዕራፍ ስለ ወላጅ የመጠየቅ መብት ከተጻፉ አንቀጾች ሁሉ ትበልጣለች። ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1879 ኖራን በሩን ዘግታ እንድትወጣ ሲያደርግ የጀርመን መድረክ አልቀበል ብሎ ሌላ ፍጻሜ አስጽፎታል፤ ኖራ የተኙትን ልጆቿን አይታ ጉልበቷ ይከዳታል፤ ትቀራለች። ደራሲው በዚህ ሲጸጸት ኖሯል። በእኛ ዘመን ኢራናዊው አስጋር ፋርሃዲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረበው «መለያየት» በተባለው ፊልም የ11 ዓመቷን ልጅ ከዳኛው ፊት አቁሞ ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ ያስጠይቃታል፤ መልሷን ግን አያሰማንም። አባትና እናት በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ በመስታወት ተለያይተው ሲጠብቁ ፊልሙ ያበቃል። ፋርሃዲ ብሬሽት የረሳውን ሰው አስታውሷል። የብሬሽት ሚሼል በተውኔቱ ሁሉ አንድም ቁም ነገር አይናገርም፤ ይታዘላል፣ ይጎተታል፣ ይሰጣል። የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ሐሳቡን መግለጽ የሚችል ልጅ በሚነካው ጉዳይ ይደመጥ ሲል ብሬሽትን ሳይቀር ይወቅሳል።

ተውኔቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ስለሚገባው መልክ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአዝዳክን ችሎት በዛሬው የፍርድ ቤት አማርኛ መተርጎም ገድሎ መቅበር ነው። ለዚህ የሚሆን ቅርስ አገሪቱ አላት፤ «በላ ልበልሃ» ብሎ ተሟጋች ከተሟጋች በግጥም የሚፋጠጥበት፣ ዳኛው ከዛፍ ሥር፣ ሕዝቡ ዙሪያውን፣ ጠበቃው ዘንጉን ይዞ የሚወዛወዝበት ጥንታዊ ሙግት ራሱ ቲያትር ነበር። የናቴላ ጠበቃ በዚያ ስልት ይናገር፤ ቃሉ ያማረ፣ ልቡ ባዶ ይሁን። ግሩሻ ግን በግጥም አትመልስ። ዳኛውን «ጌታዬ» ትበለው እንጂ፣ ምን እንዳበላችው፣ በየት እንዳዘለችው፣ ሌሊት ሲያስለው ምን እንዳደረገች ብቻ በተራ ቃል ትቁጠር። በተውኔቱ መካከል ታሪኩን የሚመራው ዘፋኝም ጥቁር ኮት ያለበሱት መዘምር ሳይሆን ማሲንቆ የያዘ፣ ተመልካቹን እያየ የሚጠይቅ አዝማሪ ቢሆን ብሬሽት ከቦታው አይጎድልም።

ጭንቁ የሚመጣው በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። በብሬሽት ግሩሻ ልጁን ይዛ ስትወጣ ጨዋታው ያልቃል። በይፋት ግን በሚቀጥለው መስከረም ያንን ልጅ ትምህርት ቤት ታስመዘግበዋለች፤ መዝጋቢውም ብዕሩን አንሥቶ «ስም ከነአባት» ይላታል። የሥጋ አባቱ አገረ ገዢ ነበር፤ አንገቱ ተቀልቷል። ለሽፋን ያገባችው ገበሬ ተፈትቷል። የምትወደው ወታደር ገና ከጦር ሜዳ መመለሱ ነው። የእናት ስም የሚጻፍበት ሣጥን ከቅጹ በስተታች፣ በትንሹ አለ። ተርጓሚው ይህንን ትዕይንት ለመጨመር ቢደፍር ግሩሻ የምትመልሰውን ቃል አስቀድሞ ማግኘት አለበት፤ መዝጋቢው ብዕሩን እንዳነሣ እየጠበቀ ነው፤ ከኋላዋ የተሰለፉት እናቶችም ይሰማሉ።